ስለ ኢንተርኔት ሱቅና ስለ ቤት ገመና

ነጋዴ ደንበኛውን ማወቁ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በሐይቅ ገበያ ማር የምትሸጥ ሴት ከደንበኞችዋ ማን ነጩን ማን ቀዩን እንደሚወድ፥ ማን ለጠጅ ማን ለልጆቹ ቁርስ እንደሚገዛ ለይታ ታውቃለች፤ ደንበኛዋ ልጁን ሊድር መሆኑን የነገራት እንደ ሆነ አስቀድማ ደኅናውን ማር ታስቀምጥለታለች። ከአምባሰል በኩል ሸማ ይዞ የሚወርደውም ነጋዴ ለሽማግሌው ጋቢውን፥ ለሙሽራይቱ ጥበቡን ሳይጠየቅ ያወጣል። እንዲህ ያለው ዕውቀት ሻጩን ከከንቱ ድካም ገዢውንም ከከንቱ መዞር ስለሚያድን ከጥንት ጀምሮ ማንም ነቅፎት አያውቅም።

የማይነቀፍበትም ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፥ ሻጪቱ የምታውቀው ገዢው ራሱ የነገራትን ወይም ፊት ለፊት ያየችውን ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ እርስዋ እርሱን እንደምታውቀው ሁሉ እርሱም እርስዋን ከነቤትዋና ከነዘመዶችዋ ያውቃታል፤ ገመናውን ብታወጣበት የሚወቅስ ጎረቤትና የሚገሥጽ ሽማግሌ አለ። ሦስተኛ፥ ያወቀችው ነገር የተቀመጠው በልብዋ ስለ ሆነ ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል። እነዚህ ሦስቱ ነገሮች፥ ማለት ፊት ለፊት መሆን፥ እርስ በርስ መተዋወቅና መርሳት፥ የቀድሞውን ገበያ ከነውር የጠበቁት ዘበኞች ናቸው ማለት ይቻላል።

ዛሬ ግን ገበያው ከሜዳ ተነሥቶ ወደ ስልክ ገብቷል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር ቴሌብርን፥ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ኤም ፔሳን ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብን በስልክ መላክ በገጠር ከተማ ሳይቀር የተለመደ ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 በእንዲህ ያለው መንገድ ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ በደሴ መንገድ ላይ ባሉት በሐይቅና በውጫሌ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ባለ ሱቅ የተዘረጋውን ዕቃ ከቤቱ ሳይወጣ አይቶ፥ መርጦ፥ ከፍሎ ማስመጣት ይችላል። ይህ ታላቅ ምቾት ነው። ነገር ግን በዚህ በአዲሱ ገበያ ገዢው ሻጩን አያየውም፤ ሻጩ ግን ገዢውን ከቀድሞው ይልቅ አብልጦ ያየዋል። ነገሩን ለቤተ ሰብ ገጽ የሚገባ ያደረገውም ይህ የሚያይ ዐይን የተቀመጠው በሱቁ ደጃፍ ሳይሆን በመኝታ ቤታችን በራስጌ በምናኖረው ስልክ ውስጥ መሆኑ ነው።

የሱቁ ዐይን እንዴት ያያል

ነገር ከሥሩ ውኃ ከጥሩ እንዲሉ፥ አስቀድሞ አሠራሩን ማወቅ ይገባል። አንድ ሰው የሱቁን ድረ ገጽ በከፈተ ጊዜ ስልኩ ወደ ሱቁ ሰርቨር፥ ማለት ገጾቹ ወደሚቀመጡበት ኮምፒዩተር፥ መልእክት ይልካል። በዚህ መልእክት ውስጥ ስልኩ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቍጥር፥ የስልኩ ዓይነት፥ የተጠየቀው ገጽና ብዙ ጊዜም ሰውየው ከየትኛው ገጽ እንደ መጣ አለበት። ሰርቨሩም ይህን ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን ሰውየው ትናንት የመጣው ያው ሰው መሆኑን አያስታውቅም።

ይህን የሚያስታውቀው ኩኪ የተባለው ነው። ኩኪ ማለት ሱቁ በእንግዳው ስልክ ውስጥ የሚያኖራት ትንሽ ጽሑፍ ናት፤ እንግዳው በተመለሰ ቍጥር ስልኩ ያችን ጽሑፍ ለሱቁ መልሶ ያሳያል። በፈረንጅ ቍጥር በ1994 ዓ.ም. ኔትስኬፕ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ይህን ዘዴ ያወጣው ለበጎ ሥራ ነበር፤ ገዢው የመረጠውን ዕቃ በመግዣው ቅርጫት አኑሮ ወደ ሌላ ገጽ ሲሄድ ቅርጫቱ ባዶ እንዳይሆን ነው። የአንዱን ሱቅ ኩኪ ሌላው ሱቅ እንዳያነበውም ተደርጎ ተሠራ።

ማስታወቂያ የሚያሠራጩ ኩባንያዎች ግን ይህን አጥር የሚዘሉበትን ቀዳዳ ፈጥነው አገኙ። በብዙ ሱቆች ገጽ ላይ ከራሳቸው ሰርቨር የምትመጣ፥ ዐይን የማያያት የነጥብ ያህል ሥዕል ያስቀምጣሉ። ስልኩ ያችን ሥዕል ለማምጣት ሲል ከሱቁ አልፎ ወደ እነርሱ ይሄዳል፤ በዚያውም የእነርሱን ኩኪ ያሳያቸዋል። በዚህም አኳኋን አንዱ ኩባንያ በመቶ ሱቅ የዞረውን ሰው እንደ አንድ ሰው ሊከተለው ይችላል። በቴሌግራም ወይም በመልእክት የሚደርሰን ሊንክም ከጥያቄ ምልክት በኋላ ረዥም ጅራት ያለው እንደ ሆነ፥ ያ ጅራት ብዙውን ጊዜ ከየትኛው ማስታወቂያ እንደ መጣን ለሱቁ የሚናገር ነው። ጉግል በ2005 በፈረንጅ ቍጥር ኧርቺን የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ በዚያው ዓመት ጉግል አናሊቲክስን ያለ ዋጋ ለሁሉ ከከፈተው ወዲህ፥ እንግዳን መቍጠርና መከተል የታላላቆች ኩባንያዎች ብቻ ሥራ መሆኑ ቀረ፤ አንድ ክፍል ሱቅ ያለውም ሰው ያደርገዋል።

ነጋዴው በሰበሰበው ዱካ የሚሠራው ሥራ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ማስታወስ ነው፤ ቅርጫቱን፥ አድራሻውን፥ የእግር ቍጥሩን ያቆይለታል። ሁለተኛው መምከር ነው፤ ይህን የገዙ ሰዎች ያንንም ገዝተዋልና እርስዎም ይዩት ይላል፤ አማዞን የተባለው ታላቁ ሱቅ በዚህ ዘዴ ታወቀ። ሦስተኛው መከተል ነው፤ አንድ ጊዜ የታየው ጫማ ጋዜጣ ስናነብ፥ ዘፈን ስንሰማ፥ ወዳጅ ስናነጋግር በየገጹ ጥግ ይቆምብናል። ለዚህ ለሦስተኛው የሀገራችን ሰው «ሳይጠሩት አቤት ሳይልኩት ወዴት» የሚል ቃል አለው።

ስልኩ የቤቱ ሁሉ ሲሆን

ይህ ሁሉ ዘዴ የተሠራው አንድ ስልክ የአንድ ሰው ነው በሚል ግምት ነው። በእኛ አገር ግን ስልክ ብዙ ጊዜ የቤት ዕቃ ነው። ቀን የአባት ነው፤ ማታ ልጅቱ ታጠናበታለች፤ እናት ወደ ሩቅ ዘመድ ትደውልበታለች፤ ሕፃኑ ሥዕል ያይበታል፤ እንግዳ የመጣ አጎት እንኳ ይዋሰዋል። ሱቁ ግን አምስቱን ሰዎች እንደ አንድ ሰው ቈጥሮ አንዱ ያየውን ለሌላው ያሳያል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በውጫሌ ከተማ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ አለ እንበል። ባልየው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሚስቲቱ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ፀነሰች። በሀገሩ ልማድ ፅንስ ገና ሳይጸና አይወራምና፥ ለማንም ሳትነግር አንድ ሌሊት በባልዋ ስልክ የሕፃን ልብስ ከሚሸጥ ሱቅ ገብታ ጥቂት አይታ ዘጋችው። በነጋው ባልየው በእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ዜና ሲያነብ የሕፃን ኮፍያና የሕፃን መኝታ በስልኩ ላይ ተደረደሩ። አሮጊቲቱም «ይህ ደግሞ ምንድር ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁ። በዚች ሰዓት ሴቲቱ ራስዋ በመረጠችው ቀንና በራስዋ ቃል ልትነግረው የሚገባትን ነገር አንድ ሱቅ ነጠቃት።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ያ ፅንስ ሳይጸና ቢቀርስ? በሐይቅ ገበያ ያለችው ሻጭ ይህን የሰማች እንደ ሆነ የሕፃን ልብስ ከፊትዋ ታነሣለች፤ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ብላ ሌላ ወሬ ታመጣለች፤ ይህን ለማድረግ ማንም ሊያስተምራት አያስፈልግም። የተመዘገበው ዱካ ግን ሐዘን አይሰማም። ወራቱን ቈጥሮ፥ ሕፃኑ ይወለዳል ባለው ወቅት የሕፃን ጫማ፥ ከዚያም ቀጥሎ የሕፃን ምግብ ይልካል። አስቀድሞ መርሳት ዘበኛ ነው ያልነው ስለዚህ ነው፤ የማይረሳ ነጋዴ ሳያውቅ ይጨክናል።

ይህ የግምት ተረት ብቻ እንዳይመስል የአሜሪካን አገር ወሬ እንጨምር። በፈረንጅ ቍጥር በ2012 ዓ.ም. የካቲት ወር ኒው ዮርክ ታይምስ የተባለው ጋዜጣ፥ ታርጌት የሚባለው ትልቅ ሱቅ ሴቶች ከሚገዙት ቅባትና ቪታሚን ተነሥቶ ማን ነፍሰ ጡር እንደ ሆነች ለመገመት የስሌት ሊቃውንት እንደ ቀጠረ ጻፈ። በዚያው ጽሑፍ አንድ አባት ገና ተማሪ ለሆነችው ልጁ የሕፃን ዕቃ ማስታወቂያ ደረሰ ብሎ ሱቁን እንደ ተቈጣ፥ በኋላ ግን ልጅቱ በእርግጥ ፀንሳ እንደ ተገኘች ተተርኳል። የዚህን አባት ታሪክ ዝርዝር የተጠራጠሩ ሰዎች አልታጡም። ቢሆንም ሱቁ ለመገመት መሞከሩ ያልተካደ ነገር ነው። ጽሑፉ እንደሚለው ሱቁ ከዚህ ወዲያ የሕፃኑን ዕቃ ማስታወቂያ ከሣር ማጨጃና ከብርጭቆ ማስታወቂያ ጋር እየደባለቀ ይልክ ጀመር፤ ሴቶቹ መታወቃቸውን እንዳያውቁ ነው። ክፋቱ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ዕውቀቱን መተው ሲገባ ማወቁን ሸሸጉት።

ዱካ ምስክር አይደለም

በችሎት ፊት የሰማ፥ ያየና የጠረጠረ ሰው ቃላቸው እኩል አይመዘንም። በቀድሞ ዘመን ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበረ፤ ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ እየተንገዳገደ ዱካ ይከተላል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ያ ልማድ ስንት ንጹሕ ሰው እንዳስከፈለ የሚያስታውስ ትውልድ ይህን አዲሱን ዱካ ተከታይም በጥንቃቄ ሊመለከተው ይገባል።

አንደኛው ስሕተት የቦታ ነው። በሞባይል መስመር የሚገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው እርሱ ባለበት ከተማ ሳይሆን የመስመሩ ቍጥር በተመዘገበበት ወይም መስመሩ ወደ ዓለም በሚወጣበት ከተማ ነው። ስለዚህ በአምባሰል ተራራ ሥር የተቀመጠው ገዢ በሱቁ መዝገብ የአዲስ አበባ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ነጋዴውም ከወሎ የሚገዛኝ የለም ብሎ ወደዚያ ዕቃ የሚልክበትን መንገድ ሳያዘጋጅ ይቀራል።

ሁለተኛው ስሕተት የዝምታ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በደረሰ ጊዜ፥ ደግሞም ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፥ የዚህ አገር ሰው ከኢንተርኔት ሱቅ ሁሉ ጠፋ። ዱካ ብቻ የሚያነብ መኪና ይህን ዝምታ የሚተረጕመው ደንበኛው ፍላጎቱን ተወ ብሎ ነው፤ ከመዝገቡም ወደ ኋላ ይጥለዋል። ሰው ቢጠየቅ ግን መልሱ አንድ ቃል ነበረ፤ መስመር የለም።

ሦስተኛው የቤት ስሕተት ነው። በወሎ እስላምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ፥ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ማዕድ የሚኖሩበት ቤተ ሰብ ብዙ ነው። ከአንድ ስልክ ለረመዳን ቴምር፥ ለፋሲካም ጧፍ ቢታዘዝ የሚያስደንቅ ነገር የለበትም፤ አንዲት አክስት ለሁለቱም ዘመዶችዋ መግዛትዋ ነው። ከቅርጫቱ ተነሥቶ የሰውን ሃይማኖት ሊጽፍ የሚነሣ ሱቅ ግን የማያውቀውን ይጽፋል፤ የጻፈውም ወረቀት በክፉ ቀን በማን እጅ እንደሚወድቅ ማንም ዋስ ሊሆን አይችልም።

ስለ ስምምነት

የሱቅ ባለቤቶች ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት መልስ እንግዳው ተስማምቷል የሚል ነው። በእርግጥም ብዙ ድረ ገጾች በመጀመሪያ ሲከፈቱ ኩኪ እንዲቀመጥ ትፈቅዳለህን ብለው ይጠይቃሉ። ነገር ግን ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጽፎ፥ ብዙ ገጽ ሆኖ፥ እቀበላለሁ የሚለው ደምቆ፥ አልቀበልም የሚለው ተሸሽጎ ሲቀርብ እውነተኛ ስምምነት አለን?

የአምባሰል ሰው ለዚህ ጥያቄ ከሌላው ሰው ይልቅ የቀረበ ነው። በ1881 ዓ.ም. በዚያው በውጫሌ የተፈረመው ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጽፎ ነበር፤ አማርኛው በ17ኛው አንቀጽ የኢትዮጵያ ንጉሥ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚያደርገው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መላክ ይችላል ሲል፥ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ያ ልዩነት እስከ ዓድዋ አደረሰ። የሱቅን ኩኪ ከመንግሥታት ውል ጋር ማመዛዘን የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። አንዱ ወገን ሊያነበው በማይችል ቋንቋ የተጻፈ ውል እንደ ተስማሙበት አይቈጠርም።

ሌሎች አገሮች ይህን ተረድተው ሕግ አውጥተዋል። የአውሮፓ ኅብረት የግል ዳታ ጥበቃ ሕግ በፈረንጅ ቍጥር ከ2018 ዓ.ም. ግንቦት 25 ቀን ጀምሮ ይሠራል። የፈረንሳይም ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 መጀመሪያ፥ ኩኪን መከልከል ከመቀበል ይልቅ አስቸጋሪ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ጉግል 150 ሚሊዮን፥ ፌስቡክም 60 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍሉ መወሰኑን አስታወቀ። ቅጣቱ የወደቀው በኩኪው ላይ ብቻ አልነበረም፤ አዎ የሚለውን በአንድ ንክኪ፥ አይሆንም የሚለውን ግን በብዙ ንክኪ ባደረጉት ላይ ነበር።

በኢትዮጵያም ነገሩ ያለ ሕግ አልቀረም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት፥ ደብዳቤውንና በስልክና በሌላ መሣሪያ የሚላላከውን ሁሉ ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጣ፤ ተቈጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። በዚህ አዋጅ የሰው ዳታ የሚሰበሰበው ለታወቀ ምክንያትና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሆን ታዟል። የዳታው ባለቤት የተመዘገበበትን የማየት፥ የተሳሳተውን የማሳረም፥ የማሰረዝና የመቃወም መብት አለው። ጤናንና ሃይማኖትን የሚመለከተው ዳታም ከሌላው ይልቅ የጠበቀ ጥበቃ ተደርጎለታል። እንግዲህ አስቀድመን በገበያ የጠቀስናቸው ሦስቱ ዘበኞች በሕግ ቃል ተመልሰው መጡ ማለት ነው፤ ፊት ለፊት መሆን በስምምነት፥ እርስ በርስ መተዋወቅ በመጠየቅ መብት፥ መርሳትም በማሰረዝ መብት ተተክተዋል።

ለሐይቅና ለአምባሰል ነጋዴዎች

ማርን፥ ሸማን ወይም ሌላ የእጅ ሥራን በኢንተርኔት ሊሸጥ የሚያስብ የዚህ አገር ሰው ይህን አንብቦ የደንበኛን ዱካ ጨርሶ ልተወው ማለት አይገባውም። ዱካው ሰውን ለማሳደድ ሲሆን ይነቀፋል፤ የራስን ሱቅ ለማረም ሲሆን ግን ከሁሉ የሚበልጥ መምህር ነው።

ለምሳሌ መቶ ሰው የማሩን ገጽ ከፍቶ፥ ዘጠናው የመላኪያው ዋጋ በተጻፈበት ገጽ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ቢወጣ፥ ማንነታቸውን ማወቅ ምንም አያስፈልግም። መድኃኒቱ ዘጠናውን ሰው በየገጹ እየተከተሉ ማር፥ ማር ማለት አይደለም። የመላኪያውን ዋጋ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ ነው። ሰዎች ብዙ የሚገቡበት ሰዓት ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሆኖ ቢገኝ፥ በዚያ ሰዓት ጥያቄ የሚመልስ ሰው ማስቀመጥ ነው። የጋቢው ሥዕል ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ሳይገዛ የሚቀር ከሆነ፥ ስፋቱና ርዝመቱ እንዳልተጻፈ መመርመር ነው። ለዚህ ሁሉ ቍጥር ይበቃል፤ ስም አያሻም። በቴሌግራም የሚሸጥም ሰው አንዱን ጽሑፍ ስንት ሰው እንዳየው ቍጥሩን ያገኛል፤ ማን ማን እንዳየው ግን አይነገረውም፤ ይህም ለሥራው በቂ ሆኖለታል።

ደንበኛን በስም ማወቅ ካስፈለገ ደግሞ መንገዱ መጠየቅ ነው። ዕቃው ሲላክ «እመቤቴ፥ በሚመጣው ወቅት አዲስ ማር ሲገባ እንድናስታውቅዎ ይፈቅዳሉን?» ብሎ በአማርኛ መጻፍ ብዙ አያደክምም። የፈቀደው ይመዘገባል፤ ያልፈቀደው ይተዋል። ለመመዝገብም ከሐይቅ የቀረበ አብነት አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ባስጻፉት ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ የተሰጡት መጻሕፍት ተዘርዝረው ይገኛሉ። ያ መዝገብ የተጻፈው ለምን እንደ ሆነ የታወቀ፥ በሁሉ ፊት የሚነበብና ለሰጪውም ምስክር የሚሆን ነበር። የነጋዴ መዝገብም እንዲሁ ደንበኛው ቢያነበው የማያፍርበትና የማያስፈራው ሊሆን ይገባል። ሊያነበው ባይገባ የምንለው መስመር ካለ፥ ያ መስመር መጀመሪያውኑ ሊጻፍ አይገባውም ነበር።

ከዚህም ጋር አራት ነገር ይጠበቅ። ስለ ፅንስ፥ ስለ ሕመምና ስለ ሃይማኖት ከቅርጫት ተነሥቶ አለመገመት፤ በቅርጫት ለቀረ ዕቃ ቢበዛ አንድ ጊዜ ብቻ ማስታወስ፤ ሥራው ያለቀውን ዱካ መደምሰስ፤ የደንበኛን ስልክ ቍጥር ለሌላ ነጋዴ አለማሳለፍ።

ለባለ ቤቶች

በቤት ያሉት ደግሞ በእጃቸው ያለውን ኀይል ሊያውቁ ይገባል። ኩኪ እንዲቀመጥ ሲጠየቁ አልቀበልም የሚለውን መፈለግ ይቻላል፤ ሱቁም አብዛኛውን ጊዜ ያለ እርሱ ይሸጣል። ስልኩ የብዙ ሰው ከሆነ ምሥጢር የሆነ ነገር የሚያይ ሰው ኢንኮግኒቶ በሚባለው መስኮት ቢከፍት፥ መስኮቱ ሲዘጋ ኩኪው ከስልኩ ይጠፋል። ይሁን እንጂ ይህ መስኮት ከቤተ ሰቡ እንጂ ከሱቁና ከቴሌ ድርጅቱ እንደማይሰውር መታወቅ አለበት፤ በስም ገብቶ የገዛ ሰውም በማናቸውም መስኮት ቢሆን ይታወቃል። የአንድሮይድ ስልክ ያለው በቅንብሩ ውስጥ ስለ ማስታወቂያ ከሚናገረው ክፍል ገብቶ የማስታወቂያ መለያ ቍጥሩን ሊሰርዝ ይችላል። የአይፎን ስልክም በፈረንጅ ቍጥር ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ መተግበሪያ በሌሎች ኩባንያዎች ገጽ ሊከተለን ሲፈልግ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ያስገድደዋል። የቆየውን ኩኪ በየጊዜው ማጽዳት ደግሞ ቤትን እንደ መጥረግ ያለ ሥራ ነው፤ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚቀር አይደለም።

ከመሣሪያው ይልቅ ግን የሚበልጠው የቤት ደንብ ነው። በአንድ ስልክ የሚጠቀሙ ሰዎች በገጹ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ የማንም ሰው ምስክርነት እንዳልሆነ አስቀድመው ቢስማሙ ብዙ ጠብ ይቀራል። አባት በስልኩ ላይ ያልጠበቀውን ነገር ቢያይ ልጁን ከመመርመሩ በፊት፥ ማስታወቂያው በግምት የመጣ፥ ስልኩም በአምስት እጅ ያለፈ መሆኑን ያስታውስ። ሚስትም በባልዋ ስልክ የሴት ሽቶ ቢወጣባት፥ ምናልባት ለእርስዋ ሊገዛላት ያሰበው ስጦታ እንደ ሆነ ታስብ። ሕፃናትም ስማቸውን፥ ትምህርት ቤታቸውንና የቤታቸውን ቦታ በማያውቁት ገጽ ላይ እንዳይጽፉ በቀላል ቃል ይነገራቸው።

ሱቁ ከልክ አልፎ ያወቀብን ሲመስለንም ዝም ማለት አይገባም። ስለ እኔ የያዛችሁትን አሳዩኝ፥ የማያስፈልገውን ሰርዙልኝ ብሎ መጻፍ በሕግ የተሰጠ መብት ነው። ደብዳቤውም ረዥም መሆን የለበትም፤ ስም፥ ቀን፥ የተፈለገው ነገርና የአዋጁ ቍጥር ይበቃል። የቀድሞው ሰው በገበያ ገመናውን ያወጣበትን ነጋዴ በሽማግሌ ፊት ይጠይቀው እንደ ነበረ፥ የዛሬውም ሰው በወረቀት ይጠይቅ።